ከባና ሥር ያደረው ዱላ

እሁድ ከቅዳሴ መልስ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሽማግሌዎች ተቀምጠው የዘንድሮ ገና በኮላ በተጣበቀ ዱላ ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። እኔ በምሠራው ዱላ ማለት ነው! ወሬውን ያመጣልኝ ወንድሜ ነው፤ ከደብሩ እስከ ቤታችን ሮጦ፣ ትንፋሹ ሳይመለስ ነገረኝ። ዘልዬ አንገቱ ላይ ተንጠለጠልኩ። ትከሻውን ረስቼው ነበርና «ቀስ በይ» ብሎ ፊቱን አጨማደደ። የዚህ ሁሉ ነገር መነሻ ያ ትከሻ ነው።

እኛ አገር ገና ሲደርስ ወንዶች ሜዳ ወጥተው በቆልማማ ዱላ ሩር ይመታሉ። ሩሯ ከእንጨት የተጠረበች ናት፤ ቡጢ ታክላለች። ጨዋታ ይባላል እንጂ ድብድብ ነው። ዱላው ሩሯን ከሳተ ቅልጥም ያገኛል። ጥርሱ የወለቀ፣ ቅንድቡ የተተረተረ፣ ጣቱ ጠሞ የቀረ ሰው ሰፈራችን ሞልቷል፤ ማንም ግን አይካሰስም፤ ደሙን በጋቢው ጠርጎ ይመለሳል። ዱላው ታዲያ ጫፉ በተፈጥሮው የታጠፈ መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራ በቀር የትም የለም። ባሕር ዛፍ እንደሆነ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ነው የሚያድገው። በየዓመቱ ተሰርቆ ሲቆረጥ ወይራው ተመናመነና ደብሩ ዘበኛ ቀጠረ። አምና በመስከረም ወንድሜ መጥረቢያ ይዞ ገባ።

ልጠራው ሄጄ ስለነበር የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ዘበኛው አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው። አንዴ ተጣሩ፤ ወንድሜ መጥረቢያውን አላወረደም። በያዙት ከዘራ ትከሻውን አሉት። አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ወንድሜ ተንከባሎ ተነሣና በደህና እጁ ድንጋይ አንሥቶ ግንባራቸውን ፈነከታቸው። ደሙ ዓይናቸውን ሞላው። ሁለቱም እየተንገዳገዱ፣ እዚያው እንደቆሙ ማሉ። እሳቸው ሁለተኛ ከወይራው ሥር ካገኙት ሬሳውን እናቱ እንደምትወስድ፣ እሱ ደግሞ የገና ዱላውን ከዚያው ከወይራው እንደሚቆርጥ።

ሽማግሌ ገባ፤ መሐላው ግን አልፈረሰም። እናቴ መጥረቢያውን ደበቀች። ወጌሻው ትከሻውን እያሸ በጠገነው ቁጥር የወንድሜ ዓይን ወደ ወይራው ነበር። ገና ሳይመጣ አንዳቸው ሌላውን ይገድላሉ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

የምማረው መሐል ሜዳ ከተማ ቤት ተከራይቼ ነው። ከክፍሌ ጎን የእንጨት ሥራ ቤት አለ፤ አናጢው አዲስ ሥራ ጀምሯል። ባሕር ዛፉን እንደ መቀነት ስስ አድርጎ ይሰነጥቅና በኮላ እየደራረበ፣ በቅርጽ ላይ አጥፎ በብረት ማጥበቂያው፣ በሞርሳ ያስረዋል። ሲደርቅ ቅስት ያለው የአልጋ ራስጌ ይሆናል፤ ቢጎትቱት አይቃናም። አንድ ቀን ራስጌውን ቆሜ ሳይ የገና ዱላ ታየኝ። ሰጋቱራውን እየጠረግሁ ቁራጭና ኮላ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ሴት ልጅ ገና ላይ ምን አላት ብሎ ሳቀብኝ፤ ግን ሰጠኝ።

የመጀመሪያውን ዱላ አገር ቤት ወስጄ አጣበቅሁና እንዲደርቅ ከውጭ፣ ካቡ ላይ አሳደርኩት። ውርጭ መታው። ወንድሜ ልምምድ ላይ አንዴ ቢመታበት እንደ ሽንኩርት ተላጠ፤ አንዱ ስንጥር ተፈናጥሮ የአጎታችንን ልጅ ጉንጭ እስከ ከንፈሩ ቀደደው። ወንድሜ ስብርባሪውን እግሬ ሥር ወረወረው።

«እታለም፣ ይሄን ምድጃ ውስጥ ጨምሪው። እኔ ዱላዬ የት እንዳለ አውቃለሁ» አለኝ።

ለአናጢው ብነግረው ኮላ ብርድ ላይ እንደማይዝ፣ ሞቅ ያለ ቦታ ማደር እንዳለበት ነገረኝ። እኛ ቤት ደግሞ ከመኝታዬ የሞቀ ቦታ የለም። ሁለተኛውን በጎማ ላስቲክ ጠፍሬ፣ ከበግ ጠጉር በተሠራው የአያቴ ባና ጠቅልዬ፣ አቅፌው ተኛሁ። እናቴ ጧት ገልጣ አየችና «ሳልድርሽ አገባሽ፤ ያውም ጎባጣ» አለችኝ።

ወንድሜ አልይዝም አለ። «ይሄ ከተሰበረ መጥረቢያውን ራሴ አውጥቼ እሰጥሃለሁ» አልኩት። የት እንደተደበቀ አውቅ ነበር። ዱላውን ከእጄ ተቀበለኝ። ቢሰበርስ ብዬ መፍራት የጀመርኩት ያኔ ነው።

በአምናው ገና ዕለት ዘበኛው ከነግንባራቸው ጠባሳ ሜዳው ዳር ቆመዋል። የታች ሰፈሮች የወንድሜን ዱላ ሲያዩ ፌዛቸውን ለቀቁት። አንዱ የአልጋ እግር ይዞ መጣ አለ፤ ሌላው ኮላው እንዳይቀልጥብህ ጥላ ፈልግ አለው። ሩሯ ስትጣል ፌዙ አበቃ። አንዱ ቅልጥሙን ይዞ ወደቀ፤ አንዱ አፍንጫው ተከፈተ። የታች ሰፈሩ ጉልቤ ከአባቱ የወረሰውን የወይራ ዱላ ይዞ ወንድሜን ፊት ለፊት ገጠመው። ሁለቱም እኩል ሰነዘሩ። የሆነ ነገር ሲሰበር ሰማሁ፤ አቧራ ነውና የማን እንደሆነ አላየሁም።

የተሰበረው ወይራው ነበር። ጉልቤው ስባሪውን ጥሎ ወንድሜን በቡጢ አፉ ላይ አለው፤ ሜዳው ሁሉ ተያያዘ። ያን ጊዜ ዘበኛው ከመሃል ገቡ። የተያያዘው ሁሉ ተላቀቀ። የወንድሜን ዱላ ነጥቀው አነሡት፤ ሊመቱት ነው ብዬ ጮህኩ። ዱላውን ድንጋይ ላይ አሳረፉት። ደገሙት። የድንጋዩ ፍንካች በረረ። ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተጫኑት፤ ጥፍራቸውን መጋጠሚያው ላይ አስኬዱ።

«ይሄን ከየትኛው ወይራ ቆረጥከው?»

«ባሕር ዛፍ ነው፣ አባባ። የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲያው ለልጄም ሥሪለት» አሉና ዱላውን በሁለት እጃቸው ለወንድሜ መለሱለት። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ሲቀበል የአፉ ደም እጃቸው ላይ ተንጠባጠበ። አልጠረጉትም።

ባለፈው እሁድ ከሽማግሌዎቹ ፊት ተነሥተው፣ ወይራው እንዲተርፍ ስለ ዱላው የተናገሩትም እሳቸው ናቸው አለኝ ወንድሜ። አሁን ባናው ሥር እኔ የምተኛበት ቦታ የለም፤ በዱላ ሞልቷል። እናቴ ስንት ባል ነው የምታገቢው ትለኛለች።

እና ለገና ኑ። ከሞላሌ ከተማ በላይ ካለው ሜዳ ታገኙናላችሁ፤ ጩኸቱ ይመራችኋል። ቅልጥማችሁን በጨርቅ ጠቅልሉ፤ ዱላው ከኛ ነው። ሴት ከሆንሽ ደግሞ ዳር አትቁሚ፤ አጠር ያለ አንድ ዱላ ለኔ፣ አንድ ደግሞ ለምትመጣዋ አስቀምጫለሁ።