ጎደሬ እንደ ድንች አይቀቀልም

ከደብረ ብርሃን የወጣሁ ለት አውቶቡሱ የሚነሳው ጎህ ሳይቀድ ነበርና እማዬ ሌሊቱን ሙሉ ሽሮና በርበሬ ስትቋጥር አደረች። "እዚያ ጫካ ውስጥ ምን ልትበይ ነው?" ትለኛለች ደጋግማ። ቦንጋ አጎቴ የልብስ ሱቅ አለው፤ የሚያግዘው ሰው ስለፈለገ ነው የምሄደው። እማዬ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ስንሰነባበት "ምግቡ ካልተስማማሽ አንድም ቀን እንዳታድሪ፣ ነይ" አለችኝ። እመለሳለሁ አልኳት፤ ከልቤ ነበር።

ጅማን አልፈን ወደ ቦንጋ ስንቃረብ መንገዱ ዛፍ በዛፍ ሆነ። እኛ ዘንድ ሰማዩ ሰፊ ነው፣ ንፋሱ ፊት ይልጣል። እዚህ ደግሞ ዝናቡ መጀመር እንጂ ማቆም አያውቅም፤ ያጠብኩት ነጠላ ሳይደርቅ ይሻግታል። የተከራየሁት የቦንጋ ተወላጅ በሆኑት በእትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ነው። ሻንጣዬን ሳልፈታ አልጋ ስር ወሸቅኩት። የአውቶቡስ ጡሩምባ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ብድግ ይላል። ከአገራችሁ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ።

የቀበሌ መታወቂያ ላወጣ ሄድኩ። መዝጋቢው ጋሽ ወልዴ የእትዬ አስካለ ወንድም ናቸው። መሸኛዬን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት።

"ቋሚ ነሽ ጊዜያዊ?"

"እሱን ገና አላወቅሁም።"

"ሲስተሙ 'አላወቅሁም' የሚል ቦታ የለውም።"

"እንግዲያው የሚቀለውን ይጻፉልኝ።"

"የሚቀለውማ አስበሽበት ሌላ ቀን መምጣትሽ ነው" አሉኝ።

ሁዳዴ ገባ። የእማዬን ሽሮ ጠዋትም ማታም ስበላው ቶሎ አለቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለእኔ ጾም ማለት ሽሮ ነበር፤ ቢበዛ ምስር። ገበያ ወጣሁና ጎደሬ የሚሉትን ሥራ ሥር ገዛሁ። እንደ ድንች ቶሎ የሚበስል መስሎኝ ገንፈል ሲል አወጣሁት፣ በሽንኩርት አቁላላሁትና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለእትዬ አስካለ ይዤላቸው ገባሁ። ጋሽ ወልዴም እዚያው ቁጭ ብለዋል። ደስ አለኝ፤ እኒህን ሰውዬ ካበላሁማ መታወቂያዬ አለቀለት አልኩ። ሁለቴ እንደጎረሱ ጉሮሯቸውን ይዘው እህ እህ ይሉ ጀመር። እኔም ብቀምሰው ሳማ የላስኩ መሰለኝ።

"ቋሚ አይደለሽም" አሉ ጋሽ ወልዴ እንባቸውን እየጠረጉ። "ቋሚ ሰው ጎደሬ እንዲህ አይቀቅልም።"

እትዬ አስካለ ሳቃቸው አመለጣቸው። "አንቺ ልጅ፣ ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ ያሳክካል። እስኪፈርስ ቀቅይው፣ ውሃውን ድፊው። ነይ ደግሞ፣ ጓሮውን ላሳይሽ።"

ከዚያ ወዲህ ያለውን ምኑን ልንገራችሁ። ጎመን ከጓሯቸው ቀንጥቤ እከትፍና ከበሰለ ጎደሬ ጋር በነጭ ሽንኩርትና በኮረሪማ ለወስ አደርገዋለሁ፣ አለቀ። ቦዬ የሚሉት ሌላው ሥራ ሥር ታጥቦ መቀቀል ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ዳጣ የሚሉትን የተፈጨ ቃሪያ እያጠቀሱ መብላት ነው። ቦሎቄና በቆሎ ተዘፍዝፎ ያድርና ይቀቀላል፣ ዱባው በራሱ ውሃ ይበስላል፣ ጎመን በቆጮ ደግሞ ሌላ ነው። ሽሮ መንፋት የለ፣ ሽንኩርቱ እስኪቀላ ምድጃ ላይ መቆም የለ። ድሮ ከሱቅ ደክሜ ስገባ ምን እበላለሁ ብዬ እጨነቅ ነበር፤ አሁን የትኛውን ልብላ ብዬ ነው የምጨነቀው።

ግን ልቤ አላረፈም። ጣፍጦኝ በበላሁ ቁጥር እማዬ ትዝ ትለኛለች፤ ብቻዋን ቀርባ ስትበላ ይታየኛል፣ ቅር ይለኛል። መታወቂያውም እስካሁን አልወጣም፤ ለጋሽ ወልዴ ቋሚ ልበል ጊዜያዊ ገና አልወሰንኩማ።

ባለፈው እሑድ ደወልኩላት። ከስታለች ብላ እንዳትሰጋ የምበላውን ሁሉ ዘረዘርኩላት፤ ጎመኑን፣ ቦዬውን፣ ሥራው እንዴት ቀላል እንደሆነ፣ ሁሉን።

"እማዬ፣ አለሽ?"

"አለሁ።"

"ምነው ዝም አልሽ? ደስ አላለሽም?"

"ደስ ብሎኛል እንጂ ልጄ። እኔማ አይስማማት ይሆናል ብዬ ነበር ክፍልሽን ሰው ሲጠይቀኝ ያላከራየሁት። አሁንስ ላከራየው?" አለችኝ።

ኔትዎርክ አስቸገረኝ ብዬ ዘጋሁት። ምንም አላስቸገረም ነበር።