አሸዋው የመጣበት ገደል

ገበያነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው ከሞላሌ ከተማ ወረድ ብሎ፣ ከገደል ሥር ባለች የገብስ ማሳዋ ነው። ሌላ መሬት የላትም። በኅዳር፣ ገብሱ ሊታጨድ ሲል፣ የማይታወቁ ሰዎች ከታች ከወንዙ ሽቅብ እየመጡ ነው ሲባል ሰማች። አሸዋ በሳፋ እያጠቡ፣ ከሥር የሚቀረውን ከባዱን እየለዩ ይይዛሉ አሉ።

«ወርቅ ነው የሚፈልጉት» አላት ጎረቤቷ አወቀ። «ከተገኘ እኛን ያነሱናል።»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሩቅ ትከታተላቸው ጀመር። ሰዎቹ ጅረት ከጅረት በተገናኘበት ሁሉ ይቆማሉ፤ ከሁለቱም ዘግነው ያጥባሉ፤ አንዱን ትተው በሌላው ይቀጥላሉ። አንድ ቀን ወደ ማታ ከእሷና ከአወቀ ማሳ የሚወርዱት ጅረቶች ከሚገናኙበት ደረሱ። ቁጥቋጦ ተከልላ አየቻቸው። ከአወቀ በኩል የተዘገነው ሲታጠብ ጥቁር ብቻ ቀረ። ከእሷ በኩል በተዘገነው ውስጥ ግን አረንጓዴ ቅንጣት አብለጨለጨ።

«ይኸው!» አለች መሪያቸው፣ እፀገነት የምትባል የሥነ ምድር ተመራማሪ። «ነገ ደግመን አይተን በዚህ እንወጣለን።»

ጎህ ሲቀድ ገበያነሽ ከጅረቷ አሸዋ በአቁማዳ ሞልታ ወደ አወቀ ጅረት ተሸከመች። እዚያ ብትደፋው ይሳሳቱ ይሆናል። አፉን ስትፈታ አወቀ ልጆቹን ለአጨዳ ሲቀሰቅስ ሰማችው። የአቁማዳውን አፍ መልሳ አሰረች። አሸዋውን እንደያዘች ተመለሰች።

እፀገነት ስትመጣ መንገድ ላይ ጠብቃ አቆመቻት።

«ልጄ፣ በፈጠረሽ፣ መሬቴን ልትነጥቂኝ ነው?»

«ኧረ እማማ! ወርቅም አይደለም። አሸዋው ከየትኛው አለት ተፈርፍሮ ወንዝ እንደገባ ነው የማጠናው።»

«ካወቅሽ በኋላስ?»

«እኔ ያገኘሁትን እጽፋለሁ። ሌላ ሰው አንብቦ ምን እንደሚያስብ ግን ልምልልዎ አልችልም።»

ገበያነሽ «አይዞዎት» የምትላት መስሏት ነበር። ፍርሃቱ ባሰባት፤ ቢሆንም መንገዱን ለቀቀችላቸው። በማሳው ዳር ዳር ወጥተው ገደሉን በመዶሻ ፈለጡት። ገበያነሽ ከኋላቸው ቆማ ታያለች። ከጥቁሩ አለት ውስጥ ያ አረንጓዴ ቅንጣት ብቅ አለ። ፍላጩን በከረጢት ከተው፣ «እግዜር ይስጥልን» ብለዋት ወረዱ።

ገብሷን አጨደች፤ ወቃች። እስካሁን ማንም አልመጣባትም። መኪና በዳገቱ ሲያጓራ ግን የያዘችውን ጥላ ትቆማለች።

«እነሱ እኮ ረስተውሻል» ይላታል አወቀ።

«ድንጋዩን ይዘውት ሄደዋል እኮ» ትለዋለች።