አምስታችንም አርጅተን ነበር

ለዓመታት በቅርጫት ኳስ የሚያሸንፈን አልነበረም። ዘንድሮ ግን እዚሁ መቐለ፣ በገዛ ሜዳችን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ተሸነፍን። አሰልጣኛችን መልበሻ ክፍል ገብተው ዳኛውን ረገሙ፤ ከዚያ ወለሉን፣ ከዚያ ኳሱን። ትዕግስቴ አለቀ።

«ኮች፣ ዳኛው ምን አደረገ? መሮጥ ያቃተን እኛ ነን። ወጣቶቹን ያስገቧቸው» አልኳቸው።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ካፒቴን ሆነህ እንዲህ ትላለህ? እናንተ እኮ ሻምፒዮኖቼ ናችሁ!»

በሚቀጥለው ጨዋታ እኛኑ አምስታችንን አሰለፉ፤ በሃያ ነጥብ ተሸነፍን። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ እንኳን ለሩጫ ለደረጃም እንቢ ብሎኛል።

በሳምንቱ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ራሴ ሄጄ የተቀያሪዎች ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቢቆጡም ቢለምኑም አልተነሳሁም። በእኔ ቦታ አንዱን ወጣት ከማስገባት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ያን ቀንም ተሸነፍን፤ ግን በሁለት ነጥብ ብቻ።