በባህል ቀን የተዘረጉ እጆች

ከመስኮቱ አጠገብ ሦስተኛው ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ተማሪዬ የተወለደችው ጅዳ ነው። እናቷ ከወሎ፣ አባቷ ከአርሲ ነገሌ ሄደው እዚያ ተጋቡ፤ ካቻምና የመኖሪያ ፈቃዳቸው አልታደስ ሲል ተመልሰው አዳማ ቤት ተከራዩ። አማርኛዋ ይደነቃቀፋል፣ ኦሮምኛዋ ከሰላምታ አያልፍም። ልጆቹ «ዐረቧ» ይሏታል። እኔ የዜግነት ትምህርት አስተማሪ ነኝ። ስለ ስደትና ስለ ማንነት ሰሌዳ ሙሉ እጽፋለሁ፣ እነሱም አንድ ሳያስቀሩ ይገለብጣሉ፤ ደወል ሲደወል ታዲያ «ዐረቧ፣ ነይ እስቲ!» ይላሉ። እንዴት እንደሚያበግነኝ!

የባህል ቀን ሲደርስ ደግሞ ባሰ። በትምህርት ቤታችን ልማድ ተማሪው ሁሉ የቤተሰቡን አገር ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ ይወጣና ከየት እንደሆነ ይናገራል። ሐሙስ ዕለት እናቷ አስተማሪዎች ክፍል ድረስ መጣች።

«ቲቸር፣ ቅዳሜ ከሳቁብኝ ሁለተኛ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች። ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ልግባ ነው የምትለው።»

ልጅቷን ጠርቼ መድረክ መውጣት ግዴታ እንዳልሆነ ነገርኳት።

«ካልወጣሁም ይስቃሉ» አለችኝ። «አገር የላትም ይላሉ።»

ውሳኔውን ለራሷ ተውኩላት።

ቅዳሜ ግቢው በልብስ ደመቀ። ግማሹ የኪራይ ነው፤ አንዱ ጎረምሳ የየትኛው አገር ልብስ እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ተከራይቶ ይንጎራደዳል። እሷ የእናቷን ቀሚስ ለብሳ ግንቡ ጥግ ቆማለች።

ፕሮግራሙን በምርቃት እንዲከፍቱ የሰፈራችን ሽማግሌ ተጠርተዋል። ማይኩን ገፋ አድርገው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ሰላም ያድርጋችሁ!» አሉና ምላሹን ጠበቁ።

ልጆቻችን አጨበጨቡ። ያውም ሞቅ አድርገው! መድረክ ላይ ሰው ሲናገር የለመዱት ማጨብጨብ ነው። ሽማግሌው ግራ ገባቸው።

«ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ!»

አሁንም ጭብጨባ፤ አንዱማ አፏጨ። ሽማግሌው ምርቃቱን ትተው ወደ ወንበራቸው ዞሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ያኔ ከግንቡ ጥግ «አሚን» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። ተማሪዬ አንገቷን ደፍታ ሁለት እጆቿን ዘርግታለች።

ሽማግሌው ተመለሱ። «ማን አስተማረሽ፣ ልጄ?»

ግቢው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አሁን መሳቃቸው ነው አልኩ በልቤ።

«ጅዳ ነው ያደግኩት፣ አባባ» አለች እየተደነቃቀፈች። «ሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች አርብ አርብ እኛ ቤት ይመጣሉ። ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከሁሉም። በየተራ ይመርቃሉ... ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። አሚን የምለው እኔ ነበርኩ።»

ማንም አልሳቀም።

«በይ ነይ፣ አጠገቤ ቁሚ» አሏት። «እነዚህን አሚን አሰኚልኝ።»

መድረክ ላይ ወጣች። እሳቸው ይመርቃሉ፣ እሷ ትቀበላለች፣ ግቢው ይከተላታል፤ አሚን ያለም አለ፣ አሜን ያለም አለ። የኪራይ ልብስ የለበሰው ጎረምሳ ሳይቀር ስልኩን ኪሱ ከቶ እጁን ዘረጋ። ከየት እንደሆነች መጠየቅ ማንም ትዝ አላለውም። እኔ ከኋላ ቆሜ አለቀስኩ፣ ሲያዩኝም አላፈርኩም።

ቢሆንም ሰኞ ጠዋት እስካያት አላመንኩም። ክፍል ስገባ ዓይኔ በቀጥታ የሄደው ወደ ሦስተኛው ዴስክ ነው። ተቀምጣለች፤ ክርኗን አስደግፋ ከጎረቤቷ ጋር በቦታ ትጨቃጨቃለች። እፎይ! ደስታዬን እንዳያውቁብኝ ፊቴን ኮስተር አደረግኩ።

«እንግዲህ ዛሬ እንኳ የቤት ሥራችሁን ሠርታችሁ የመጣችሁ ያድርጋችሁ» አልኩ።

ከመስኮቱ በኩል ሁለት እጆች ተዘረጉ።

«አሚን!» አለች፣ ከሁሉ ቀድማ።