ሁለት ጣሳ፣ አንድ ሮንዴላ

ለቀበሌያችን ሊቀመንበርነት ሁለት ሰዎች ቀረቡ በተባለ ሳምንት ሰፈሩ በሙሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ለምን ሁለት?»

እስከዚያ ድረስ ምርጫ ቀላል ነገር ነበር። ፓርቲው አንድ ሰው ያቀርባል፣ እኛ እጅ እናወጣለን፣ እናጨበጭባለን፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። እኔ ዕድሜዬ ለመምረጥ የደረሰው በዚያው ዓመት ነበር። የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ መንፈቅ ጨርሼ ለእረፍት ወደ አቃቂ ቃሊቲ ስመለስ ወሬው ጠበቀኝ። የባቡር ጡረተኛ የሆኑት ጎረቤታችን «ወጥመድ ነው። ፓርቲውን ማን እንደሚጠላ ለይተው ሊያውቁ ነው» አሉኝ። የእናቴ የሥራ ጓደኛ ደግሞ «ምርጫ አለ ለማሰኘት ከበላይ ታዘው ነው» አለችኝ። ሁለቱንም «ልክ ነው» አልኳቸው። ሰው ሲናገረኝ መስማማት ልማዴ ነው።

ነገሩን ያጠራጠረው የአቀራረቡ ሁኔታ ነው። በጥቆማው ስብሰባ ላይ ፓርቲው የራሱን እጩ ካሳወቀ በኋላ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተነስተው የኅብረት ሱቁን ሻጭ ጠቆሙ። መድረክ ላይ የነበረው ካድሬ ይቆጣል ብለን ስንጠብቅ ፈገግ ብሎ «ይመዝገቡ» አለ። ያቺን ፈገግታ ያላየ ሰው የለም። ሰፈሩን እንቅልፍ የነሳችውም እሷ ናት።

የፓርቲው እጩ የታሪክ መምህሬ ነበሩ። ለማትሪክ ስዘጋጅ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተቀምጠው ያስጠኑኝ፣ የራሳቸውን መጽሐፍ ያዋሱኝ እሳቸው ናቸው። ያለ እሳቸው ዩኒቨርሲቲ እገባ ነበር ብዬ አላምንም። የሱቁ ሻጭ ደግሞ ከወሎ የመጡ፣ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ወገባቸው ሲደክም ሚዛን ጀርባ የቆሙ ሙስሊም ሰው ናቸው። የፓርቲ አባል አይደሉም። ስኳር ሲያጥር ከሁሉም ሰው እኩል ይቀንሳሉ፤ ከቀበሌው ሊቀመንበርም ቤት።

ሁለቱም ንግግር እንዲያደርጉ ተደረገ። መምህሬ ስለ ምርት እድገትና ስለ አብዮታዊ ንቃት ከወረቀት አነበቡ። ደስ የሚል ድምፅ ስላላቸው ክፍል ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ሻጩ ግን ተነስተው «የቦኖውን ውኃ የፋብሪካው ጡሩምባ ሳይነፋ አስከፍታለሁ። ሌላ ቃል የምገባው የለም» ብለው ተቀመጡ።

ይህ ለእኛ ቤት ትንሽ ነገር አልነበረም። ቦኖው የሚከፈተው ጠባቂው ሲመጣ ነው፤ እሱ የሚመጣው ደግሞ እናቴን ጨምሮ የጠዋት ፈረቃ ሠራተኞች ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከገቡ በኋላ ነው። እናቴ ከሥራ ስትመለስ ተዘግቶ ይጠብቃታል። እቤት ሳለሁ የምቀዳው እኔ ነበርኩ። እኔ ዶርም ከገባሁ ወዲህ ከጎረቤት እየለመነች ትኖራለች። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ጎረቤታችን ናቸው።

ስለዚህ ሐሳቤ ወደ ሻጩ አዘነበለ። ግን እሳቸው ራሳቸው ማን ናቸው? ካድሬው ለምን ፈገግ አለ? ለሻጩ ድምፁን የሚሰጠውን ሰው ለመለየት ሆን ተብሎ የቀረቡ ቢሆኑስ? ምናልባትም አውቀው ይሆናል፤ ምናልባትም ሳያውቁ። እንዲህ ሳስብ ውዬ አድር ነበር።

የወጣቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር መንገድ ላይ ያገኘኝ በዚያው ሰሞን ነው። ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚሄድ ልጅ ነው።

«አንቺ ምሁር! ጠፋሽ እኮ» አለኝ።

«አለሁ ጓድ። ፈተና ላይ ነበርን።»

«እናትሽ የሽመና ክፍል አይደለች? እዚያ ያሉት ሴቶች አንድ ላይ ነው የሚሄዱት። ምን እያሰቡ እንደሆነ እስቲ ጆሮ ጣል አድርጊ።»

«ምን ልስማ?»

«የሚባለውን ነዋ! አዲስ ነገር አስመሰልሽው። ማኅበሩ የሚያመሰግንሽ ተማሪ ብትሆኚ ደግሞ አንቺን አይጎዳሽም።»

«እሺ» አልኩ። እንቢ ማለት እንደሚቻል ትዝ ያለኝ እቤታችን በር ላይ ስደርስ ነው።

ስገባ እናቴ ከሁለት የሥራ ጓደኞቿ ጋር ተቀምጣለች። እዚህ ላይ ስለ ሽመና ክፍል ሴቶች አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የማሽኖቹ ጩኸት ጆሮ ስለሚደፍን በሥራ ላይ የሚነጋገሩት ያለ ድምፅ፣ በከንፈር ብቻ ነው። አንዷ ከአዳራሹ ጫፍ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ሌላዋ ከሌላው ጫፍ ታነባለች። ብዙ ዓመት የሠሩት ጆሯቸው ስለደከመ ከፋብሪካ ውጭ ሲያወሩ ይጮኻሉ፤ የሚጮኹም አይመስላቸውም። ምስጢር ሲኖራቸው ወደ ከንፈራቸው ይመለሳሉ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴ መንገድ ማዶ ሆና ስታዘኝ ስላደግኩ አነባለሁ።

በሩን ስከፍት ድምፃቸው ተቋረጠ። የአንዷ ከንፈር ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ «መጣች» የሚል ነበር። ከዚያ እናቴ ሰውነቷን አዙራ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሌሎቹም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«እማዬ፣ ምን እያወራችሁ ነው?» አልኳት።

«ስለ በርበሬ!» አለች፣ እንደ ልማዷ ጮኻ።

የገዛ እናቴ ጠረጠረችኝ ብዬ ልቆጣ ስል ከማን ጋር ምን ተነጋግሬ እንደመጣሁ አስታወስኩ። ወደ ጓዳ ገባሁ።

በማግስቱ ሻጩን ራሳቸውን ላጣራ ወደ ሱቅ ሄድኩ። ሌላ ሰው እስኪወጣ ጠበቅሁና «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ። ስኳር ከሆነ ረቡዕ ነው።»

«ስኳር አይደለም። ስለ ቦኖው የተናገሩት… ከልብዎ ነው ወይ ብዬ ነው።»

ሚዛኑን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ። ንጹሕ ሚዛን ነበር።

«ማን ላከሽ ልጄ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«የማኅበሩ ልጅ ትናንት መንገድ ላይ ሲያናግርሽ አይቻለሁ። ሱቁ መስኮት አለው።» ጨርቁን አጠፉት። «እኔ እንኳን ስጠቆም ማን እንደፈቀደልኝ፣ ለምንስ እንደፈቀደልኝ እስካሁን አልገባኝም። አሁን ደግሞ አንቺ መጣሽ። በይ ሂጂ፣ እዚህ የሚሸጠው ሳሙናና ጨው ነው።»

እየወጣሁ ደስ አለኝ። ወጥመድ የሚሆን ሰው እንዲህ አይፈራም አልኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ደግሞ፣ በደንብ የሰለጠነ ከሆነ እንዲህ ቢያስመስል ምን ይገርማል አልኩ። ቤቴ እስክደርስ ሐሳቤ ሲገለባበጥ ቆየ።

ምርጫው እሑድ በቀበሌው አዳራሽ ተደረገ። ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይቸገር ተብሎ ወረቀት ቀረ። በምትኩ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሮንዴላ ይሰጠዋል፤ ብሎን ሥር የሚገባው፣ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት። በአዳራሹ ጥግ መጋረጃ ተጋርዶ ከኋላው ሁለት የእርዳታ ዘይት ጣሳዎች ተቀመጡ። በአንዱ ላይ ችቦ ተስሏል፣ የመምህሬ ነው። በሌላው ላይ ዣንጥላ፣ የሻጩ። ከመጋረጃው አጠገብ የማኅበሩ ሊቀመንበር ወንበር ይዞ ተቀምጧል፤ ሥርዓት ለማስከበር ተባለ።

የመጀመሪያው ሰው ገባ። «ደብ» የሚል ድምፅ ሰማን። ሁለተኛው ገባ፤ ያም «ደብ» አለ። ሦስተኛው የባቡር ጡረተኛው ጎረቤታችን ነበሩ። እሳቸው ሲጥሉ «ቅጭል!» አለ፣ ደወል የተመታ ያህል።

አዳራሹ ውስጥ ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ ሁለቱ ጣሳዎች ድምፃቸው ይለያያል። ጡረተኛው ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ኋላ እንደተነገረው ጠረጴዛው ጠባብ ስለሆነ የችቦው ጣሳ በእንጨቱ ጠረጴዛ ላይ፣ የዣንጥላው ግን በብረት ወንበር ላይ ተቀምጧል። በአጋጣሚ ይሁን ታስቦበት ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ግን የተቀመጠበትን ወንበር ትንሽ ወደ መጋረጃው ሲያስጠጋ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ «ደብ»፣ «ደብ»፣ «ደብ» ብቻ ሆነ።

እናቴና ጓደኞቿ ከአዳራሹ ማዶ በተርታ ተቀምጠዋል። ሲስቁ አየኋቸውና ምንም እንዳልሰሙ ገባኝ። ለእነሱ ሁለቱም ጣሳ አንድ ነው። ተራቸው ደርሶ አንድ በአንድ ሊገቡ ነው፣ ሮንዴላውን ሊወረውሩት ነው፣ አዳራሹ በሙሉ ሊሰማቸው ነው። እናቴ ለማን እንደምትሰጥ አልነገረችኝም፤ ግን ውኃ እየለመነች የምትኖር ሴት ለማን እንደምትሰጥ ለመገመት መንገር አያስፈልግም።

ዓይኗን እስክታሳርፍብኝ ጠበቅሁ። ከዚያ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ፤ «ይሰማል። አትጣሉት። እጃችሁን አስገብታችሁ አስቀምጡት።»

እናቴ ለአፍታ ትክ ብላ አየችኝ። ልትጠረጥረኝ ትችላለች ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ወደ ጎኗ ዞር አለች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የሚቀጥለው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ወሬው እስከ ተርታው ጫፍ ሲደርስ ማንም ትንፍሽ አላለም።

የመጀመሪያዋ ሴት ገባች። ምንም። ወጣች። ሁለተኛዋ ገባች። ምንም። ሊቀመንበሩ አንገቱን ወደ መጋረጃው አሰገገ። እናቴ ገብታ ስትወጣ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር፤ በአጠገቡ ስታልፍ «ደህና ዋል ልጄ!» ብላ ጆሮው ላይ ጮኸችበት።

የእኔ ተራ ደረሰ። መጋረጃው ውስጥ ገብቼ ሮንዴላውን ይዤ ቆምኩ። ችቦው ውስጥ ብጥለው «ደብ» ይላል፤ ሊቀመንበሩ ይሰማል፣ መምህሬም ወሬው ይደርሳቸዋል፣ ሁሉም ደስ ይላቸዋል። ማስደሰት ደግሞ የማውቀው ሥራ ነው። ዝም ካልኩ ዝምታዬ ራሱ ይናገራል፤ ከሴቶቹ ጋር ነኝ ማለት ነው። መምህሬን አሰብኩ። ያዋሱኝን መጽሐፍ፣ ሳጠፋ ሳይሰለቹ ደግመው ማስረዳታቸውን አሰብኩ። ለእሳቸው ያለብኝ ምስጋና ነው፤ ግን ቦኖው የእሳቸው አይደለም።

እጄን እስከ ክንዴ አስገብቼ ሮንዴላውን በዣንጥላው ጣሳ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከታች ሌሎች ብዙ ሮንዴላዎችን በጣቴ ነካሁ።

ስወጣ ሊቀመንበሩ «ምነው አልሰማሁም?» አለኝ።

«ምኑን?» አልኩት። ሳቅ ብሎ አሳለፈኝ። ሳቁ ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም።

ጣሳዎቹ እንደምንጠብቀው ፊታችን ላይ አልተገለበጡም። ወደ ቢሮ ተወሰዱ፣ በሩ ተዘጋ። ብዙ ሳይቆይ ካድሬው ወጥቶ ጓድ መምህር በከፍተኛ ድምፅ ማሸነፋቸውን አበሰረ። አጨበጨብን። ሻጩም አጨበጨቡ። መምህሬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ፤ እሳቸው ራሳቸው አምነውት ይሁን አይሁን ከፊታቸው ላይ ማንበብ አልቻልኩም።

ከአዳራሹ ወጥተን በሰው መሐል ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ ክንዴን ያዘችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ልታንሾካሹክልኝ ነበር።

«እኛ ሁላችን ለሱቁ ሰውዬ ሰጥተን መምህሩ እንዴት አሸነፉ?»

መንገዱ በሙሉ ሰማት። ፊት ፊታችን የሚሄዱት ቆሙ። ከኋላችን የነበረው የማኅበሩ ሊቀመንበር በሁለት እርምጃ ደረሰብን።

«እትዬ ምን አሉ?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በር እንደሚከፍትልኝ ሁሉ፣ «ጆሯቸው ስለደከመ ተምታቶባቸው ነው አይደል? አንቺ እኮ ታውቂያለሽ፤ ለችቦው ማለታቸው ነው» አለኝ።

«አዎ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እናቴም ትድናለች፣ እኔም እድናለሁ። ግን ያን ቃል ካወጣሁ ነገ «ሌሎቹስ? ‹እኛ› ያሉት እነማንን ነው?» ብሎ እንደሚመጣ፣ እኔም «እሺ» እንደምለው አወቅሁ። ሴቶቹ ከዳር ሆነው ያዩኛል። ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም።

«አልተምታታባትም» አልኩት። «እኔም ለዣንጥላው ነው የሰጠሁት።»

ድምፄ ቀጭን ነበር። እናቴ ክንዴን ነቀነቀችኝ።

«ምን አልሽው? አልሰማሁሽም!»

ወደ ከንፈሬ ልመለስ አስቤ ነበር፤ እሷ ታነበው ነበር። ግን ሰዉ ሁሉ ቆሞ እየጠበቀ ስለሆነ ጉሮሮዬን ጠረግኩና፣ በሽመና ክፍሉ ሴቶች ድምፅ፣ ደግሜ ነገርኳት።