የመዥገር ሊቁ ሚንቾ

ባይ ሚንቾ በዱብራቫ መንደር ማንንም አያከብርም ነበር። ቄሱን «ሆድ» ይላቸዋል፣ ከንቲባውን «ባዶ ካፖርት»፤ ለጎረቤቱ ለዲንኮ ግን ስም ለማውጣት እንኳ አልተቸገረም። መንደሩ በበኩሉ ለታላቅ የሚሰጠውን «ባይ» የሚል ጥሪ አልነፈገውም፤ ይህም ለዕድሜው እንጂ ለሌላ ነገር አልነበረም።

ንቀቱ ከየት መጣ ቢባል ከገንዳ ነው። በኅብረት እርሻው ዘመን ሚንቾ በጎችን መዥገር በሚገድል መድኃኒት ገንዳ ውስጥ የሚነክር ሰው ነበር። ቀንዳቸውን ይዞ ጭንቅላታቸውን ይደፍቃል፣ እነሱም እያነጠሱ በወዲያኛው በኩል ይወጣሉ። ሥራው ይኸው ነበር። እርሻው ፈረሰ፣ በጎቹ ተሸጡ፣ ገንዳው ሣር አበቀለ፤ ሊቅነቱ ግን አብሮት ቀረ። ስለ መዥገር ከእርሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልተወለደም፤ ቢወለድም ሚንቾ አያናግረውም።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚሰማው ሙርጆ የሚባለው ጥቁር ውሻው ብቻ ነበር። ወሬውን ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው የሚያዳምጥ ሌላ ፍጡር በመንደሩ አልተገኘም። ፀደይ ገብቶ ከባሉጡ ጫካ ሲመለሱ፣ በውሻው ጆሮ ሥር መዥገሮች እንደ ጉሎ ፍሬ ተነፍተው ይታያሉ። ሚንቾ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ በእያንዳንዱ ላይ የሱፍ ዘይት ጠብ ያደርጋል፤ መዥገሩ ታፍኖ እስኪላላ ይጠብቃል፤ ከዚያ በጣቱ ጠምዝዞ ይነቅልና በጥፍሩ ይጨፈልቀዋል። አባቱም እንዲሁ ያደርግ ነበር። መንደሩ ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል፤ ሚንቾ እንደሚለው ግን ሌሎቹ ዘይቱን እንኳ በወጉ ማንጠብጠብ አያውቁበትም።

ከተማ የምትኖረው ልጁ ያና በውሻው ትከሻ መሐል የሚንጠባጠብ መድኃኒት አምጥታለት ነበር። ሚንቾ አሸተተውና ወደ መጋዘኑ ወረወረው። ለውሻ ሽቶ የሚቀባ ሰው ነገ ለዶሮ ጫማ ይገዛል አለ።

ፋሲካ እንዳለፈ ሙርጆ ምግብ ተወ። ድዱ ነጣ፣ ሽንቱ እንደ ቀይ ወይን ጠቆረ። ሚንቾ ጉበቱ ነው ሲል ፈረደ። ለጉበት ደግሞ መድኃኒቱ በእጁ ነው፤ ራሱ ያወጣው ራኪያ የሚሉት የፕሪም አረቄ። የውሻውን መንጋጋ ፈልቅቆ በማንኪያ ጋተው። እንስሳው ተንገዳግዶ ሲወድቅ፣ ዲንኮን በአጥር ጠርቶ መድኃኒቱ መሥራት መጀመሩን አበሠረው። ዲንኮ ወደ ውሻው አየት አደረገና፣ ራኪያ እንዲህ የሚያድን ከሆነማ እኔ መቼም አልሞትም ብሎ ወደ ጓሮው ተመለሰ።

እሑድ ያና መጣች። የውሻውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጋ አየች፤ ውስጡ ቢጫ ሆኗል።

«አባባ፣ ምን አጠጣኸው?»

«የሚበጀውን።»

«ይሞታል እኮ።»

«ስንት መንጋ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ?»

ያና ውሻውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ታቀፈችና ከተማ ወዳለችው የእንስሳት ሐኪም እንዲያደርሳቸው ወደ ዲንኮ መኪና ሄደች። ሚንቾም ኮፍያውን ደፍቶ ተከተላት። የሐኪሟን ስሕተት በዓይኔ ልይ ብዬ ነው የምሄደው ሲል ለራሱ ነገረው፤ እጁ ግን መንገዱን ሙሉ ከውሻው ጀርባ አልተነሣም።

ሐኪሟ ለጋ ወጣት ነበረች። ደም ቀድታ በማይክሮስኮፕ አየችና መዥገር ያመጣው የደም በሽታ ነው ብላ መርፌ ወጋችው። ሚንቾ ከጥግ ሆኖ፣ መዥገሮቹን በዘይት አንድ ሳያስቀር እንደነቀለ አስታወቃት።

«ዘይቱን ሲያደርጉበት ይታፈናል አይደል?» አለችው።

«ታፍኖ ይለቃላ።»

«ከመልቀቁ በፊት ያስመልሳል፤ በሽታውን ሁሉ እዚያው ውሻው ደም ውስጥ። ራኪያው ደግሞ የቀረውን ጉበት ጎዳው።»

ሚንቾ ሳቀ። ማንም ስላላገዘው ሳቁ መሐል ላይ ቆመ። ይህች ልጅ በግ ነክራ ታውቃለች ወይ ብሎ ያናን ጠየቃት።

ሙርጆ ከብዙ መርፌ በኋላ ዳነ። ያና ቤት ሆኖ አገገመ፤ ሚንቾም ሊወስደው በአውቶቡስ መጣ። ውሻው ሲያየው ጅራቱ ብቻ ሳይሆን ወገቡ ጭምር ተወዛወዘ። ያና በሩ ላይ ቆመች።

«ዘይቱን ትተዋለህ። የሰጠሁህንም መድኃኒት በየወሩ ታደርግለታለህ። እሺ በለኝና ውሰደው።»

ሚንቾ አፉን ከፈተ። እውነቱን ለመናገር፣ «እሺ» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ነገር ግን «እሺ» ማለት «አባቴ አያውቅም ነበር፣ እኔም አላውቅም» ማለት መሰለው። ከዚህስ ውሻው ቢቀር ይሻላል።

«ምንጣፍ ላይ የተኛ ውሻ ውሻ አይደለም» አለ። «ያዢው።»

ደረጃውን ወረደ። ሙርጆ ሊከተለው ሲፈናጠር ያና አንገቱን ያዘችው፤ ጩኸቱ እስከ አውቶቡሱ ፌርማታ ይሰማ ነበር። ሚንቾ ዘወር አላለም፤ ይህንንም እንደ ጀግንነት ቆጠረው።

ማምሻውን በመንደሩ መጠጥ ቤት፣ ከተማ ሌባ ስለበዛ ውሻውን ለልጁ ሰጥቷት እንደመጣ ተናገረ። ካርታ የሚጫወቱት ቀና ብለው አላዩትም። ሌባ እንዴት እንደሚያዝ፣ ፖሊስ ለምን እንደማይረባ፣ ጥሩ ጠባቂ ውሻ እንዴት እንደሚያድግ ማብራራት ጀመረ። ጨዋታው አለቀ፤ አንድ በአንድ እየተነሡ ወጡ። ሚንቾ ገና መሐል ላይ ስለነበር የቀረውን ለወንበሮቹ አስረዳ።