ከግራና እስከ ለታይ መደብ

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሰላቴን ሰግጄ ከምኖርበት ከግራና ተነሣሁ። የምሄደው ወልድያ ነው፤ የምሄደውም የቅመም ነጋዴዋን ለታይን ፍለጋ ነው። ከክረምቱ ጀምሮ መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩ ሞቶ፣ ጦሩ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ሲያልፍ አምስት ወር ድምጿን አልሰማሁም። ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፈተ ተባለ። ከወልድያ የመጣ ሽንኩርት ነጋዴ አግኝቼ ስለ እሷ ብጠይቀው፣ «የለታይ መደብ ሁለት ማክሰኞ ባዶ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ምግቡም አልጣመኝም።

ለማያውቅ ልንገር። እኛ ገበያ ውስጥ መደብ ማለት ዕቃ ዘርግተው የሚቀመጡባት መሬት ናት። ወረቀት የላትም፤ ወረቀቷ መቀመጥ ነው። የወልድያ ገበያ ማክሰኞ ነው፤ ገበያው እየዋለ ሦስት ማክሰኞ ያልተቀመጡባት እንደሆነ፣ ለያዛት ትሆናለች። ለታይ እዚያች ቦታ ላይ ሠላሳ ዓመት ተቀምጣለች። ነገ ሦስተኛው ማክሰኞ ነው።

እኔ የመርሳን ብርቱካን ይዤ ከገበያ ገበያ የምዞር ሴት ነኝ። ልጄ ሰይድ «ዟሪዋ» ይለኛል። ወልድያ ስደርስ ከለታይ ጎን ነው የምዘረጋው። ገዢ ሲጠፋ አንድ ጨዋታ አለን፤ ገንዘቡም ጊዜውም ሞልቶ የተረፈን ሴቶች እንሆናለን። አንዷ «ዛሬ የት እንሂድ?» ትላለች። ሌላዋ አገሩን ትጠራለች። ያን ጊዜ ጠያቂዋ መንገዱን ትተነትናለች፤ ስንቁንም ትቋጥራለች። ከሐራ ባቡር ተሳፍረን፣ ባቡሩ ሲሄድ አንዳችንም ባናይም፣ ጅቡቲ ወርደን እግራችንን ባሕር ውስጥ ነክረናል። አውሮፕላን ላይ በመስኮቱ ወንበር ተጣልተናል። እኔ መካ ስገባ እሷ ጅዳ ላይ ባሕሩ ዳር ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች፤ እሷ ኢየሩሳሌም ስትሳለም እኔ ከበሩ ውጪ ጥላዋን ይዤ እቆማለሁ። በረዶ ያለበት አገር ደግሞ በሁለት ሁለት ጋቢ ሄደናል።

ሰይድ በሩ ላይ ቆሞ ሊያስቀረኝ ሞከረ።

«እማ፣ ጊዜው ክፉ ነው። የለታይ አባት ከትግራይ የመጡ ናቸው። እሷን መጠየቅ አሁን ዳፋ አለው።»

«ዳፋው ለእኔ ይሁን» አልኩና ቀዩን አውራ ዶሮ ከነነፍሱ በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ከነነፍሱ የሆነው፣ የእኛን እርድ እሷ ስለማትበላ፣ የእሷንም እኔ ስለማልበላ ነው። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ወዳጅ ለወዳጁ ሥጋ ሲወስድ፣ በእግሩ የሚቆመውን ነው የሚወስደው።

አንድ ሰዓት፦ ግራና ወደ መርሳ

ባጃጅ ተገኘ፤ አልሃምዱሊላህ። ድሮ በአሥራ አምስት ብር የምሄደውን ሃምሳ ብር አለኝ፤ ቤንዚኑ በጠርሙስ ነው የሚሸጠው። የግራና ማሽላ ግማሹ ታጭዷል፤ ግማሹ ሰው አጥቶ እንደቆመ ወፍ ይበላዋል። ቢሆንም ጠዋቱ ውብ ነበር። አምስት ወር ቤት ተዘግቶብኝ ኖሮ፣ ነፋሱ ፊቴን ሲነካኝ እንደ ሙሽራ ሳቄ መጣ።

ባጃጅ ነጂውን ጠየቅሁት፤ «ልጄ፣ ገንዘቡም ጊዜውም ቢሞላልህ የት ትሄዳለህ?»

«እኔ እማማ? ሐዋሳ። ማደያ ገብቼ እስኪፈስ ድረስ አስሞላና ሐይቁን ቀኑን ሙሉ ስዞረው እውላለሁ። ማንንም አልጭንም።»

«እኔንስ?»

«አንቱንማ በነፃ።»

ሦስት ሰዓት፦ መርሳ

መርሳ ሻይ ቤቶቿን ከፍታለች። ሻይ በቦንቦሊኖ ጠጣሁ። ስኳሩ ጥቂት ነው፤ ባለሻይ ቤቷ «ያቅማችንን ነው እታለም፣ በደንብ አማስዪው» አለችኝ። ብርቱካኑ ዛፍ ላይ ቢጫ ሆኖ ተንጠልጥሏል፤ ዘንድሮ የሚጭነው መኪና ጠፍቶ። ለለታይ አሥር ያህል ገዛሁና ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። ሹፌሩ ዶሮውን አይቶ «ለእሱም ይከፈላል» ሲል፣ «እሱ ጭኔ ላይ ነው የሚቀመጠው» ብዬ ተከራክሬ አለፍኩ።

መንገዱ ዳር የተቃጠለ ትልቅ መኪና ቆሟል። የሰው ልብ የሚያቆም ነገር ነው። ግን ላዩ ላይ ሦስት የፍየል ግልገሎች ወጥተው እየዘለሉ ይጫወታሉ። ከተሳፈሩት አንድ ሽማግሌ «እነዚህስ መንጃ ፈቃድ አላቸው?» ቢሉ ሳቅን።

አምስት ሰዓት ግድም፦ ሲሪንቃ አጠገብ፣ ኬላው

ሁላችንም ውረዱ ተባልን። ወታደሩ ወጣት ነው፤ ከንፈሩ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ዶሮው ጮኸ።

«እማማ፣ ይሄስ መታወቂያ አለው?»

«መታወቂያው እኔ ነኝ ልጄ።»

«የት ሊሄዱ ነው?»

«ወልድያ። ወዳጄን ልጠይቅ።»

«ወዳጅዎ ማን ትባላለች?»

ስሟ አባቷ ከየት እንደመጡ የሚያሳብቅ ስም ነው። ሌላ ስም መጥራት እችል ነበር፤ ከንፈሬ ላይም መጥቶ ነበር። ግን ሠላሳ ዓመት የጠራሁትን ስም ኬላ ላይ ልጥለው? «ለታይ» አልኩ። ከኋላዬ የነበረችው ሴት ከእኔ ራቅ ስትል ተሰማኝ።

ወታደሩ እኔን አየ፤ ዶሮውን አየ።

«ዶሮው ለእሷ ነው?»

«አዎ።»

«ክርስቲያን ናት?»

«አጥባቂ!»

«ታዲያ እማማ፣ ጾም አይደል እንዴ! የገና በዓል እኮ ዓርብ ነው!»

ወይ ጉድ! በዚያ ሁሉ ወር ቀኑ ተምታቶብኝ፣ ጾሙ የተፈታ መስሎኝ ነበር። ወታደሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከእኔ የራቀችው ሴት ሳይቀር ሳቀች። «በጾም ዶሮ ይዛ የመጣች እስላም» እያሉ ተቀባበሉኝ። እኔም ሀፍረቴ ሲበርድልኝ ደፈር ብዬ ጠየቅሁት፤ ገንዘቡም ጊዜውም ቢሞላልህ የት ትሄዳለህ ብዬ።

«አርባ ምንጭ። አዞ ማየት።»

«እናትህ ዘንድስ?»

«እሷ ዘንድ መጨረሻ ላይ ነው። ከገባሁ አትለቀኝማ!»

አንድ ብርቱካን ሰጠሁት። ከነልጣጩ ነከሰው።

ሰባት ሰዓት ተኩል፦ ወልድያ

ወልድያ መብራት የላትም፤ ውኃው በጋሪ ነው። ጄኔሬተር ያለው አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሰው ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ተሰልፏል። እኔ ግን እግሬ መሬት አልነካም፤ እየሮጥኩ ለታይ ሰፈር ደረስኩ። የቆርቆሮ በሩን መታሁ፤ መልስ የለም። ደግሜ መታሁ። ጎረቤቷ ተዋበች በአጥር ላይ ብቅ አለች።

«እትዬ ዘሀራ! በሕይወት አሉ?»

«አለሁ። እሷስ?»

«አለች። ግን ለማንም አትከፍትም። ውኃውን በር ላይ አስቀምጥላታለሁ፤ እኔ ስገባ ትወስደዋለች።»

ልቤ በአንድ በኩል ዘለለ፣ በአንድ በኩል ወደቀ። አፌን ቆርቆሮው ላይ ገጥሜ ጮኽኩ፤ «ለታይ! ዛሬ የት እንሂድ?»

ከውስጥ፣ የቀጠነ ድምፅ መጣ፦

«ስንቅ ይዘሻል?»

እንዴት እንደተቃቀፍን አልጽፈውም፤ ዶሮው መሀላችን ገብቶ ሊታፈን ነበር። ለታይ ከስታለች። ዶሮውን ስታይ ግን፣ «አንቺ ሴት፣ ጾሜን ልታስገድፊኝ ነው የመጣሽው?» ብላ ሳቋ ገነፈለ። ለእኔ ብቻ የምታስቀምጣትን፣ የእነሱ ሥጋ ነክቷት የማያውቀውን ድስት አውጥታ ሽሮ ሠራችልኝ። ያቺን ድስት በዚያ ሁሉ ትርምስ አለመጣሏን ሳይ እንባዬ መጣ።

ስንበላ ነገረችኝ። በመጀመሪያው ማክሰኞ ቅመሟን ተሸክማ ወጥታ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ጥግ ስትደርስ፣ ቃሪያ የምትሸጥ የምታውቃት ሴት፣ «አንቺስ? አትከተያቸውም?» አለቻት፤ ወደ ትግራይ የተመለሱትን ታጣቂዎች ማለቷ ነው። ከዚያው ተመለሰች።

«ማንን ነው የምከተለው ዘሀራ? የተወለድኩት ከዚህ ቤት ጓሮ ነው። እነሱ ያን ጊዜ በርበሬዬን ጭነው ሲወስዱ ዘሬን የጠየቀኝ የለም። አሁን ሁሉም ይጠይቀኛል።»

«ነገ እኮ ሦስተኛው ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«መደብሽ ይሄዳል።»

«ይሂድ።»

አብሽሪ፣ አይዞሽ አልኳት፤ ለመንኳት፤ ተቆጣኋት። እንቢ። ጓዳ ውስጥ ኮረሪማው፣ ድንብላሉ፣ ነጭ አዝሙዱ በከረጢት ተከምሯል። ጉድጓድ ውስጥ ቀብራ ያተረፈችው ነው፤ ድንብላሉን ነቀዝ ጀምሮታል። ምንም ብል አልሰማ ስትለኝ፣ ልቧን ላሳርፍ ብዬ ወደ ጨዋታችን ተመለስኩ።

«እሺ በቃ። ገንዘቡም ጊዜውም ሞልቷል። የት እንሂድ?»

ኢየሩሳሌም ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ለረጅም ጊዜ ጣቷን ስትቆጥር ቆየችና፣

«መደቤ ድረስ» አለች።

ባሕሩንም፣ በረዶውንም፣ አውሮፕላኑንም የጠራች ሴት! ከቤቷ እስከ ገበያው እኮ ስድስት መቶ እርምጃ አይሞላም። መጀመሪያ ልስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቼ ተውኩት። የጨዋታው ሕግ ጠያቂዋ መንገዱን ትተንትን ነው። ተነተንኩ።

«እንግዲያው ስሚኝ። በሁለት ሰዓት እንነሣለን። ከበርሽ እስከ ቦኖ ውኃው አንድ ጉዞ ነው፤ እዚያ እናርፋለን። ከቦኖው እስከ ወፍጮ ቤቱ ሁለተኛው፤ እሱ ዳገቱ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ሜዳ ነው። የደከመሽ ቦታ ላይ እንመለሳለን፤ ማንም አያስገድደን። ስንቃችን ብርቱካን ነው።»

ለታይ ቀዳዳ ያለውን ከረጢት መስፋት ጀመረች።

ማክሰኞ ሁለት ሰዓት፦ ከበሩ እስከ ቦኖው

በሩን ከፍታ መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየች። ከረጢቱን እኔ አዘልኩ፤ ቅመም መስፈሪያ ሲኒዋን እሷ ያዘች። ቦኖው ላይ ሴቶች ጄሪካን ደርድረው የውኃ ጋሪውን ይጠብቃሉ። «አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት አደራችሁ» አልኩ። ያን ጊዜ አንዷ ከሰልፉ ወጥታ መጣች።

«ለታይ! አለሽ እንዴ? ኮረሪማ አለሽ? ዓርብ እኮ በዓል ነው፤ ወልድያ ሙሉ ኮረሪማ አጣሁ!»

ለታይም ሳታስበው፣ ሠላሳ ዓመት እንደምትለው፣ «ገበያ ነያ!» አለቻት። ብላ ስታበቃ ዘወር ብላ አየችኝ። እኔ ሰማዩን አየሁ። ቃል ከአፏ ወጥቷል፤ ሌላዋም «ጄሪካኔን ሞልቼ ላድርስና መጣሁ» ብላለች።

ዳገቱ

ወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ ያቺ ሴት ቃሪያዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። ለታይ ክንዴን አጥብቃ ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ተሰማኝ። እንመለስ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ቆመች። ከዚያም «እንደምን አደርሽ» አለቻት።

ሴቲቱ ቃሪያዋን ማስተካከል ቀጠለች። ቀና አላለችም። ግን «እግዜር ይመስገን» ስትል ሰማን። ያቺ ሰላምታ ብቻ ናት የተገኘችው፤ ይዘናት አለፍን።

መደቡ

መደቧ ላይ አንድ ጎልማሳ የላስቲክ ጫማ ዘርግቷል።

«ይሄ ቦታዬ ነው» አለችው።

«እማማ፣ ሁለት ማክሰኞ ባዶ ነበር። እኔም ከቆቦ ተፈናቅዬ ልጆች ይዤ ነው የመጣሁት።»

«ሦስተኛው ዛሬ ነው። እኔም ዛሬ መጥቻለሁ።»

ጎኑ ያሉት ነጋዴዎች ተያዩ። አንዱ ሽማግሌ ጨው ነጋዴ፣ «እውነቷን ነው፤ አልሞላም» አሉ። ሰውየው ጫማዎቹን አየ፤ ለታይም ጫማዎቹን አየች፤ የልጆች ቁጥርም አለበት። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ ጫማውን ወደ ግራ ገፋ፤ እሷ በቀኝ ከረጢቷን አወረደች። እኔ በዳር፣ አንድ እግሬ መንገድ ላይ ሆኖ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ብዬ ልጻፍ! የቦኖዋ ሴት ሦስት ጓደኞቿን ይዛ መጣች። በዓሉ ደርሶ ቅመም የጠፋበት ከተማ ነውና ሰው ተጋፋ። «ተሰለፉ!» እያልኩ እኔ እጮኻለሁ፤ ጫማ ነጋዴው ሲኒ ያቀብላል፤ ለታይ ትሰፍራለች፣ ትመርቃለች፣ ትከራከራለች። «ምነው አጎደልሽው?» ሲሏት «ሲኒው ያው ነው፤ አንቺ ነሽ የወፈርሽው!» ትላለች። ስድስት ሰዓት ላይ ኮረሪማው አለቀ። ያልገዙም ነበሩ፤ አይተዋት መንገድ የቀየሩም ነበሩ። አየቻቸው፤ አየኋቸው። መስፈሯን አላቆመችም።

ረቡዕ፦ ወደ ቤት

ዶሮውን እስከ ዓርብ ጓሮ አስሬላት ተመለስኩ። ግራና ስደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም። ሰይድ በሩ ላይ ነበር።

«እህሳ እማ፣ ስንት አገር አየሽ?»

ነገርኩት። ብዙ ገበያ ዞሬአለሁ፤ በሐሳቤም ባሕር ተሻግሬአለሁ። እንደዚያች ስድስት መቶ እርምጃ ያለ ሩቅ መንገድ ግን አልሄድኩም። ከግራና ወልድያ ያደረሰኝ መኪና ነው። ከለታይ በር እስከ መደቧ ግን መኪና የለም፤ ጎን ለጎን የሚሄድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

«እንግዲህ ዐረፍሽ፤ ከእንግዲህ ትቀመጫለሽ» አለኝ ልጄ።

«መደቡ ገና ግማሽ ነው» አልኩት። «ማክሰኞ በጠዋት ቀስቅሰኝ።»